የባሕር ማዶ ስንዴና የአገር ጎተራ

ገበሬ ስለ ሰብሉ የሚመለከተው በራሱ ቀዬ ላይ ያለውን ሰማይ ነው። ነገር ግን በዚህ ዘመን የእህል ዋጋ በሩቅ አገር ሰማይም ጭምር ይወሰናል።

በ2014 ዓ.ም. በመጋቢት ወር በህንድ አገር የጸናው ብርቱ ሙቀት የስንዴውን ፍሬ አኮማትሮ ምርቱን ቀነሰ። መንግሥቱም የሕዝቡን ቀለብ በማስቀደም ከግንቦት 5 ቀን ጀምሮ ስንዴ ወደ ውጭ እንዳይላክ ከለከለ። በዚያው ወራት የዩክሬን ወደቦች በጦርነት ምክንያት ተዘግተው ስለ ነበር ዋጋው በያገሩ ናረ።

በደቡብና በደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በሰሜን ኬንያ ደግሞ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ አምስት የዝናም ወራት በተከታታይ ስለ ከሸፉ፣ የአገሩ ምርት ባነሰበት ጊዜ የውጭውም እህል ተወደደ። ነሐሴ 24 ቀን 2014 ዓ.ም. «ብሬቭ ኮማንደር» የተባለችው መርከብ 230,000 ኩንታል የዩክሬን ስንዴ ይዛ ጅቡቲ ደረሰች። ይህም ብዙ ቢመስልም 1.5 ሚሊዮን ለሚሆን ሕዝብ የአንድ ወር ቀለብ ብቻ ነው።

ድርቅ የመታው አገር ያለ ንግድ አይድንም፤ ሆኖም መርከብ እስኪደርስ የሚያቆይ እህል በአገር ውስጥ ሊኖር ይገባል። ስለዚህ ገበሬው እህሉን ሳይከት በፊት በጥርስ ሲሰበር ቀጭ እስኪል ድረስ ያድርቀው፤ እርጥበቱ ከመቶ 13 እጅ አይብለጥ። ጎተራውን ጠርጎ ይለስን፤ ነቀዝ እንዳይተላለፍም አሮጌውን እህል ከአዲሱ ጋራ አይቀላቅል። ሹሙም የመጠባበቂያው መጋዘን በጥጋብ ዓመት እንዲሞላ ይትጋ።