የራውተር ሪሴት ከመጫኑ በፊት ተገልጋዮች ሊያውቋቸው የሚገቡ ጉዳዮች

የኢንተርኔት ግንኙነት ሲቋረጥ በርካታ ተገልጋዮች በቅድሚያ የሚወስዱት እርምጃ ከራውተሩ ጀርባ የሚገኘውን ሪሴት የተሰኘ ቁልፍ በስክሪብቶ ጫፍ መጫን ነው። ቁልፉ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ሲቆይ መሣሪያውን ከፋብሪካ ሲወጣ ወደነበረበት ሁኔታ ስለሚመልሰው የመስመሩ ቅንብር፣ የተጠቃሚ ስሙና የይለፍ ቃሉ በሙሉ ይሰረዛሉ። በራሱ ጊዜ ሊመለስ ይችል የነበረ አጭር መቋረጥም ባለሙያ እስኪመጣ ወደሚያስጠብቅ ችግር ይለወጣል፤ የጊዜ ገደብ ያለበትን ማመልከቻ በኢንተርኔት ለማስገባት በዝግጅት ላይ ላለ ሰው ጉዳቱ ቀላል አይደለም። መሣሪያውን አጥፍቶ ለማብራት የኃይል ማብሪያና ማጥፊያው በቂ ነው።

በመደበኛ መስመር አገልግሎት ራውተሩና የአገልግሎት ሰጪው ማዕከል በአብዛኛው የሚግባቡበት ሥርዓት ፒፒፒ ይባላል። ሁለት መሣሪያዎችን በአንድ መስመር ጫፍ ለጫፍ ለሚያገናኙ ሲሪያል መስመሮች የተዘጋጀ ሲሆን፣ መሠረታዊ ደረጃው በ1994 እ.ኤ.አ. ወጥቷል። በ1999 እ.ኤ.አ. ደግሞ በኤተርኔት ላይ የሚሠራበት ዘዴ ይፋ ሆኖ ፒፒፒኦኢ ተብሏል፤ በራውተሩ የቅንብር ገጽ ላይ የሚታየውም ይኸው ስም ነው። አሠራሩ ቅደም ተከተል አለው፦ በመጀመሪያ ሁለቱ ወገኖች በመስመሩ አጠቃቀም ይስማማሉ፣ ቀጥሎ የደንበኛው ማንነት ይረጋገጣል፣ በመጨረሻም ለራውተሩ የአይፒ አድራሻ ይሰጠዋል።

ችግሩ የት እንዳለ መብራቶቹ ይጠቁማሉ። የዲኤስኤል መብራት ከጠፋ ወይም ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም ካለ፣ በፋይበር መሣሪያ ላይም ሎስ የተባለው ቀይ መብራት ከበራ፣ ጉድለቱ በመስመሩ ላይ በመሆኑ ቅንብር መነካካት ፋይዳ የለውም። መስመሩ ደህና ሆኖ የኢንተርኔት መብራት ብቻ ካልበራ ግን የተጠቃሚ ስም፣ የይለፍ ቃል ወይም የሂሳብ ክፍያ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ማዕከሉ የቀድሞውን ግንኙነት ገና እንዳልተቋረጠ ቆጥሮ አዲሱን የማይቀበልበት አጋጣሚም ስላለ ጥቂት ደቂቃ መታገሥ ይገባል።

ቅንብሩ አስቀድሞ ከተሰረዘ በመሣሪያው ላይ በተለጠፈው ወረቀት የሚገኘውን አድራሻ፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1፣ በብሮውዘር በመክፈት ዋን በሚለው ክፍል ፒፒፒኦኢን መምረጥና በውሉ ላይ የተሰጠውን የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ማስገባት ያስፈልጋል። ወደ ራውተሩ መግቢያ የሆነው የይለፍ ቃል ከዚህ የተለየ ነው፤ ሁለቱን ማምታታት የተለመደ ስህተት ነው። ኤምቲዩ የሚለው ቦታ በተለምዶ 1492 ይሆናል፤ ኤተርኔት ከሚፈቅደው 1500 ባይት 8ቱን ፒፒፒኦኢ ራሱ ይወስዳልና። ቁጥሩ ከፍ ቢል አንዳንድ ድረ ገጾች ተከፍተው ሌሎቹ መሐል ላይ ሊቀሩ ይችላሉ። ቪፒአይ፣ ቪሲአይ እና ቪላን የተባሉት ቁጥሮች ግን እንደ አገልግሎት ሰጪው ስለሚለያዩ በግምት መሞላት የለባቸውም፤ ከደንበኞች አገልግሎት ሊጠየቁ ይገባል። ግንኙነቱ ሲመለስ ቅንብሩን በመሣሪያው የመጠባበቂያ ቅጂ አማራጭ በኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ፣ ከፋብሪካ የመጣውን የራውተር መግቢያ የይለፍ ቃልም በዚያው መለወጥ ይመከራል።