ሁለቱ የዘመን አቆጣጠሮች መቼ ይገጥማሉ?



ከሚሴና አካባቢዋ ሦስት አቆጣጠር ጎን ለጎን ይሄዳል። ትምህርትና የመንግሥት ሥራ በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ ጾምና ዒድ በሂጅራ፣ ገበያ ደግሞ በሳምንት፤ ባቲ ሰኞን ጠብቃ ትገበያያለች። ረመዷን በየዓመቱ ከ10 እስከ 12 ቀን ገደማ ቀደም ብሎ ስለሚገባ፣ «ሁለቱ አቆጣጠሮች መልሰው ልክ እንደ ዛሬው የሚገጥሙት መቼ ነው?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱ በቁጥሮቹ ጠባይ ውስጥ አለ።

የኢትዮጵያ አቆጣጠር በየ4 ዓመቱ ይዞራል፦ ሦስቱ ዓመት 365፣ አንዱ 366 ቀን፣ ድምሩ 1,461። በስሌት የተሠራው የሂጅራ ሰንጠረዥ የሚዞረው በየ30 ዓመቱ ነው፦ 19ኙ ዓመት 354፣ 11ዱ ዓመት 355 ቀን፣ ድምሩ 10,631።

10,631 ብቸኛ ቁጥር ነው፤ ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የለውም። ይህን ለማረጋገጥ እስከ 103 ባሉት ብቸኛ ቁጥሮች መሞከር ይበቃል፤ ቀጣዩ 107 በራሱ ሲባዛ ከ10,631 ይበልጣልና። 1,461 ደግሞ 3 × 487 ነው። ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ ስለሌላቸው ትንሹ የጋራ ብዜት የሚገኘው ሁለቱን በማባዛት ነው፦

1,461 × 10,631 = 15,531,891 ቀን

ይህ 42,524 የኢትዮጵያ ዓመት፣ ወይም 43,830 የሂጅራ ዓመት ነው! ቁጥሩ የሦስት የተለያዩ ብቸኛ ቁጥሮች ብዜት ስለሆነ ያሉት አካፋዮች 8 ብቻ ናቸው። ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ ስለዚህ የሳምንቱ ቀንም አብሮ እንዲገጥም 7 እጥፉን መጠበቅ ያስፈልጋል።

አንድ ቀን ከአንድ ቀን ጋር መገጣጠሙ ግን ሩቅ አይደለም፤ ረመዷን በ32 ወይም በ33 ዓመት ገደማ ወደ ቀድሞ ወቅቱ ይመለሳል። የማይደገመው ሙሉ ዙሩ ነው።

ሰንጠረዡ ለዕቅድ ይጠቅመናል እንጂ ወር አያስገባልንም፤ ወራችን የሚገባው ጨረቃ ታይታ ወይም 30 ቀን ሞልቶ ነው። ስለዚህ የፈተናና የጉዞ ዕቅድ ስናወጣ ከተሰላው የዒድ ቀን በፊትና በኋላ አንድ አንድ ቀን ክፍት እንተው፤ ጥያቄያችንንም ለየትምህርት ክፍሎቻችን ቀደም ብለን እናቅርብ።

ወላሁ አዕለም።