በአነስተኛ ወጪ የሚሠራ የራዲዮ ሞገድ መመርመሪያ፦ ለመንዝ፣ ለግሼና ለመርሐቤቴ ነዋሪዎች የቀረበ ማብራሪያ

በሰሜን ሸዋ ደጋማ አካባቢዎች የኤፍኤም ሥርጭት ሲቆራረጥ ምክንያቱ በአብዛኛው ከሁለት አንዱ ነው፤ ሞገዱ ተዳክሞ ይደርሳል፣ ወይም በአቅራቢያ ያለ የኤሌክትሪክ ረብሻ ይሸፍነዋል። ሁለቱን በጆሮ ብቻ መለየት አስቸጋሪ ሲሆን መፍትሔያቸው ግን የተለያየ ነው።

የመንዝ ደጋ በጓሳ በኩል ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር ያልፋል፤ ወደ መርሐቤቴ በኩል ያለው መሬት ደግሞ በጀማና በወንጭት ሸለቆዎች የተቆራረጠ ነው። ከ87.5 እስከ 108 ሜጋኸርዝ የሚሠራጨው የኤፍኤም ሞገድ በአመዛኙ ቀጥ ብሎ ስለሚጓዝ፣ በገደሉ አፋፍ ጥርት ብሎ የሚሰማ ጣቢያ ከሥሩ ባለው መንደር ጨርሶ ላይሰማ ይችላል።

መመርመሪያውን ለመሥራት የሚያስፈልጉት ኮምፒውተር፣ ነፃ ሶፍትዌርና አርቲኤል-ኤስዲአር የተባለው፣ ፍላሽ የሚያክል የዩኤስቢ መቀበያ ናቸው። መቀበያው መጀመሪያ የተሠራው ለዲጂታል ቴሌቪዥን ሲሆን፣ በተለመደው ዓይነቱ ከ24 እስከ 1,700 ሜጋኸርዝ ገደማ ይቀበላል። በአንድ ጊዜ የሚያሳየው 2.4 ሜጋኸርዝ ያህል ስለሆነ የኤፍኤሙን ክልል በዘጠኝ ያህል እርምጃ ማዳረስ ይኖርበታል። ለአንቴናው 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀጥ ያለ ሽቦ ይበቃል።

በስክሪኑ ላይ ጣቢያ እንደ ጉብታ ይታያል። ጉብታው ዝቅ ያለ፣ ዙሪያውም ጸጥ ያለ ከሆነ ችግሩ የሞገዱ መዳከም ነው፤ አንቴናውን ከፍ ወዳለ ቦታ ማውጣት ይረዳል። ጠቅላላው መስመር ከፍ ብሎ ወይም እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በእኩል ርቀት ተደርድሮ ከታየ ግን ረብሻ መኖሩን ያመለክታል። በፀሐይ ኃይል በሚጠቀሙ ቤቶች በቅድሚያ መጠርጠር ያለበት የኢንቨርተሩ፣ የባትሪ ቻርጅ መቆጣጠሪያው ወይም ጥራቱ ዝቅተኛ የሆነ የኤልኢዲ አምፖል ነው። አንድ በአንድ እየጠፉ መስመሩ መውረዱ ቢታይ ምንጩ ይታወቃል፤ አቤቱታ ማቅረብም ላያስፈልግ ይችላል።

መሣሪያው ራሱም ያሳስታል። በአቅራቢያው ኃይለኛ ማሰራጫ ካለ የሌሉ ጣቢያዎችን ያሳያል። የመቀበያው ማጉያ ትንሽ ሲቀነስ ከሌሎቹ በፍጥነት የሚጠፋው ምልክት ሐሰተኛ ነው። የሚያሳየው መጠንም ለማነጻጸሪያ ብቻ ስለሚያገለግል ሕጋዊ ልኬትን አይተካም።

መመርመሪያው ይቀበላል እንጂ አያሰራጭም። ያለፈቃድ ማሰራጨት በሕግ ያስጠይቃል። የሌሎችን የግል ግንኙነት ማዳመጥም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጠበቀውን መብት ይጥሳል።

በቤት ያሉት መሣሪያዎች ሁሉ ጠፍተው ረብሻው ከቀጠለ፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ማመልከት ይቻላል። ማመልከቻው ቦታውን ከነቀበሌው፣ የተረበሸውን ሞገድ በሜጋኸርዝ፣ ረብሻው የታየበትን ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም መሣሪያዎቹ ከመጥፋታቸው በፊትና በኋላ የተነሣውን የስክሪን ምስል ቢይዝ ባለሙያው ፍለጋውን ከየት እንደሚጀምር ያውቃል።