በትንሽ ላፕቶፕ ላይ ያለውን ሥርዓተ ክወና ስለ መለወጥ

የዕቃ እርጅና ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው አካሉ ሲያልቅ ነው፤ ማረሻ ሲዶለዱም፥ የወፍጮ ድንጋይ ሲሳሳ ይህ ይታያል። ሁለተኛው ግን አካሉ ደኅና ሆኖ ሳለ የሚመራው ሥርዓት ሲያረጅበት ነው፤ ይህም በኮምፒዩተር ላይ የሚደርስ ነው። በርካሽ ዋጋ የተገዛ ትንሽ ላፕቶፕ ከጥቂት ዓመት በኋላ ሥራው ዘገየ፥ ማከማቻው ሞላ፥ አዲስ ጥበቃም አያገኝም ሲባል እንደ ሙት ተቈጥሮ በሣጥን ይቈለፍበታል። ነገር ግን ከስክሪኑ፥ ከፊደል ገበታውና ከባትሪው አንዱም አልተበላሸ ይሆናል። እንዲህ ያለውን ዕቃ ሥርዓተ ክወናውን በመለወጥ እንደገና ለሥራ ማብቃት ይቻላል። ይሁን እንጂ ለውጡ በጥድፊያ የተደረገ እንደ ሆነ በውስጡ የነበረው የተማሪዎች ውጤትና የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይጠፋል። ስለዚህ ይህን የሚያደርግ ሰው ሥራውን በሦስት ይከፍለዋል፤ አስቀድሞ መዝገቡን ያድናል፥ ቀጥሎ አዲሱን ይሞክራል፥ ከዚያም በኋላ አሮጌውን ያጠፋል።

ሥርዓተ ክወና ምንድር ነው

ሥርዓተ ክወና የሚባለው የኮምፒዩተሩን ክፍሎች ሁሉ የሚያዝ ፕሮግራም ነው። ይህንንም በቀድሞ ዘመን በመኳንንት ቤት ከነበረው አዛዥ ጋር ማመሳሰል ይቻላል። አዛዡ እህሉን ከጎተራ አስወጥቶ ለወጥ ቤት ያደርሳል፤ ለእያንዳንዱም ሠራተኛ ሥራውንና ድርሻውን ይሰጣል፤ እርሱ ከሌለ ጎተራው ቢሞላም ግብር አይበላም። እንደዚሁም ጽሑፍ መጻፊያው፥ ሒሳብ ማስሊያው፥ ኢንተርኔት መመልከቻው ሁሉ የሚሠሩት በሥርዓተ ክወናው ትእዛዝ ነው። ማከማቻው እንደ ጎተራ ነው፤ ያስቀመጡትን ያቈያል። ራም የሚባለው ግን ለጊዜው የሚሠራበትን ብቻ እንደሚይዝ የወጥ ቤት ገበታ ነው፤ ላፕቶፑ ሲጠፋ ባዶ ይሆናል። አዛዡ ራሱ ሰፊ ቦታና ብዙ ቀለብ የሚወስድ ከሆነ ለሌሎቹ የሚተርፈው ጥቂት ነው፤ የትንሽ ላፕቶፕ ችግርም ይኸው ነው።

ችግሩ ከየት እንደ መጣ

ከዚህ በታች የሚጠሩት ዓመቶች በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው። በ2014 ኤችፒ የሚባለው ኩባንያ ስትሪም 11 የተባለውን ላፕቶፕ በአሜሪካ አገር በ200 ዶላር ገደማ ለገበያ አወጣ። ራሙ 2 ጊጋባይት፥ ማከማቻው 32 ጊጋባይት ነበረ፤ አብሮት የመጣውም ሥርዓት ዊንዶውስ 8.1 ነው። በ2015 ዊንዶውስ 10 ወጣ። ይህ ሥርዓት ትልልቅ ማሻሻያ በሚቀበልበት ጊዜ አሮጌውን ሳያጠፋ አዲሱን ስለሚያወርድ ለሁለቱም የሚበቃ ባዶ ቦታ ይፈልጋል፤ 32 ጊጋባይት ብቻ ባለው ዕቃ ላይ ግን ይህን ያህል ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። በ2021 የወጣው ዊንዶውስ 11 ደግሞ በትንሹ 4 ጊጋባይት ራምና 64 ጊጋባይት ማከማቻ ስለሚጠይቅ እንደ ስትሪም 11 ያለው ላፕቶፕ ወደ እርሱ ለመሻገር አቅም የለውም። ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው የተለመደ ጥበቃም በኦክቶበር 14 ቀን 2025፥ ማለት በጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓመተ ምሕረት አበቃ። በልዩ ምዝገባ የሚራዘም ጥበቃ ቢኖርም ለጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። ጥበቃ የሌለው ሥርዓት በኢንተርኔትና በፍላሽ ለሚመጣ ቫይረስ አጥሩ እንደ ፈረሰ ግቢ ነው።

ምትክ ስለሚሆነው ሥርዓት

በ1991 ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተወላጅ በሔልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለ ሊኑክስ የተባለውን የሥርዓተ ክወና አስኳል ጽፎ ለሰው ሁሉ ገለጠ። ከዚያ ወዲህ በልዩ ልዩ አገር ያሉ ዐዋቂዎች እየጨመሩበት አሳደጉት። ማንም ሰው ያለ ዋጋ እንዲወስደው፥ እንዲመረምረውና እንዲለውጠው ተፈቅዷል። በእርሱም ላይ ብዙ ዓይነት ሥርዓት ተሠርቷል፤ ይኸውም በ1993 የተጀመረው ዴቢያን፥ በ2004 የወጣው ኡቡንቱ፥ ከኡቡንቱም የተቀዳው ሊኑክስ ሚንት ነው። ሚንት 22 የሚባለው እስከ 2029 ድረስ የጥበቃ ማሻሻያ እንዲያገኝ ታስቧል፤ የሚጠይቀውም በትንሹ 2 ጊጋባይት ራምና 20 ጊጋባይት ማከማቻ ነው። ለትንሽ ላፕቶፕ የሚስማማው ኤክስኤፍሲኢ የተባለው ቀለል ያለ ገጽታው ነው። የግዕዝ ፊደልም በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ስለ ገባ በዚህ ሥርዓት አማርኛ ማንበብና መጻፍ ይቻላል።

መዝገቡን ስለ ማዳን

1ኛ፤ በላፕቶፑ ያሉት ፋይሎች በሁለት ፍላሾች ይገለበጣሉ፤ አንዱ ቢበላሽ ሁለተኛው ይገኛልና። ግልባጩም ዊንዶውስ ተከፍቶ ሳለ ይደረጋል፤ ማከማቻው በምስጢር ቁልፍ የተዘጋ እንደ ሆነ በሌላ መንገድ ማንበብ ያስቸግራል። ከዚያም ፋይሎቹ በሌላ ኮምፒዩተር ተከፍተው መነበባቸው ይረጋገጣል፤ ያልተከፈተ ግልባጭ እንደ ግልባጭ አይቈጠርም።

2ኛ፤ ዩኒኮድን በማይከተሉ፥ እንደ ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ መጻፊያዎች የተጻፈ የቈየ ደብዳቤ ያለ ራሱ ፎንት ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ብቻ ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ፎንቱም አብሮ ይገለበጣል፤ ዋና ዋናው ጽሑፍም በፒዲኤፍ ይቀመጣል፥ ወይም በወረቀት ይታተማል።

3ኛ፤ ለዊንዶውስ የተሠራ ፕሮግራም በሊኑክስ ላይ እንዲሁ አይሠራም። ትምህርት ቤቱ ሪፖርት የሚልክበት ፕሮግራም በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ከሆነና ሌላ ኮምፒዩተር ከሌለ ለውጡን ማቈየት ይሻላል።

4ኛ፤ ምናልባት ወደ ቀድሞው መመለስ ቢያስፈልግ የዊንዶውስ መመለሻ ቢያንስ 16 ጊጋባይት በሚይዝ ሌላ ፍላሽ ላይ ይዘጋጃል።

አዲሱን ስለ መሞከር

ሊኑክስ ሚንት ከአዘጋጆቹ ከራሳቸው ገጽ ይወርዳል፤ በመንደሩ ኢንተርኔት ከሌለ ከከተማ አውርዶ በፍላሽ ማምጣት ይቻላል። ሲወርድ ተቈራርጦ እንዳይሆን ሻ256 የሚባለው የመመርመሪያ ቁጥር አዘጋጆቹ ካወጡት ጋር ይነጻጸራል። ከዚያም ሩፉስ በሚባለው ፕሮግራም 8 ጊጋባይት በሚይዝ ባዶ ፍላሽ ላይ ይጻፋል፤ በዚህ ጊዜ በፍላሹ የነበረው ሁሉ ስለሚጠፋ መዝገብ የተገለበጠበት ፍላሽ ለዚህ አይሆንም።

ፍላሹ ተሰክቶ ላፕቶፑ ሲበራ ኤችፒ ከሆነ ኢስኬፕ፥ ቀጥሎም ኤፍ 9 ይነካል፤ በሌሎች ብዙ ጊዜ ኤፍ 12 ነው። ከዚያ ፍላሹ ሲመረጥ አዲሱ ሥርዓት በማከማቻው ላይ አንዳች ሳይለውጥ ከፍላሹ ይነሣል። መምህሩ በዚህ ጊዜ ሳይቸኩል ዋይፋዩን፥ ድምፁን፥ የጣት መንኪያውንና የስክሪኑን ብርሃን ይመረምራል፤ በአማርኛ የተጻፈ ፋይልም ከፍቶ ፊደሉ በትክክል መታየቱን ያያል። ዋይፋዩ ባይሠራ ተስፋ መቍረጥ አይገባም፤ አንዳንዱ የዋይፋይ ክፍል የሠሪውን ልዩ ፕሮግራም ስለሚፈልግ ስልክን በገመድ አገናኝቶ ኢንተርኔት በመስጠት ማውረድ ይቻላል።

አሮጌውን ስለ ማጥፋት

ሙከራው ካማረ በኋላ የመጫኑ ሥራ ይጀመራል። መብራት በመካከል ቢቋረጥ ሥራው እንዳይበላሽ ባትሪው አስቀድሞ ይሞላል፤ ገመዱም እንደ ተሰካ ይቈያል። ጫኚው ፕሮግራም ዲስኩን ላጥፋ ወይ ብሎ በሚጠይቅበት ጊዜ የተመረጠው ዲስክ የትኛው እንደ ሆነ በመጠኑ ይታወቃል፤ 32 ጊጋባይት ተብሎ የተሸጠው ማከማቻ በአቈጣጠር ልዩነት 29 ያህል ሆኖ ሊታይ ይችላል። በዚህ ጊዜ መዝገብ የተገለበጠባቸው ፍላሾች ከላፕቶፑ ተነቅለው በሌላ ስፍራ መቀመጥ አለባቸው።

ተጭኖ ካበቃ በኋላ የይለፍ ቃሉ ተጽፎ በርእሰ መምህሩ ዘንድ ይጠበቃል፤ አንድ መምህር ሲዛወር ዕቃው ተቈልፎ እንዳይቀር ነው። ማሻሻያው ይወርዳል፤ የአማርኛ መጻፊያው ይጨመራል፤ ለደብዳቤና ለውጤት መዝገብም ሊብሬኦፊስ የሚባለው ፕሮግራም ይገኛል። መዝገቡም ከፍላሹ ይመለሳል፤ ፍላሾቹ ግን ጥቂት ወራት እስኪያልፉ ድረስ አይጠፉም።

እንዲህ የታደሰ ላፕቶፕ አዲስ አይሆንም። ራሙ ያው 2 ጊጋባይት ስለ ሆነ ብዙ ገጽ በአንድ ጊዜ የከፈቱበት እንደ ሆነ ይደክማል። ነገር ግን ደብዳቤ ለመጻፍ፥ ውጤት ለመደመር፥ መጽሐፍ ለማንበብ ይበቃል። የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ በዚህ ሥራ ግን አንድ ጊዜ የፈሰሰው አይለቀምም። መዝገቡን አድኖ፥ አዲሱን ሞክሮ፥ በመጨረሻ የሚለውጥ መምህር ግን ለትምህርት ቤቱ አዲስ ዕቃ ሳይገዛ የሚሠራ ዕቃ ይመልስለታል።