ፒያኖ፦ ከፎርትዎርዝ መድረክ እስከ ትዝታ ቅኝት

እ.ኤ.አ. በ1958፣ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በሮኬት ሲፎካከሩ፣ ኪልጎር በምትባል የቴክሳስ የነዳጅ ከተማ ያደገ የ23 ዓመት ወጣት ሞስኮ ሄዶ የመጀመሪያውን የቻይኮቭስኪ የፒያኖ ውድድር አሸነፈ። ቫን ክላይበርን ይባላል፤ ፒያኖ ያስጀመሩት እናቱ ናቸው። ሲመለስ ኒውዮርክ እንደ ጀግና በአደባባይ ሰልፍ ተቀበለችው።

በ1962 በስሙ የተጀመረው ውድድር የቴክሳሷን ፎርትዎርዝ የፒያኖ ከተማ አደረጋት። በየአራት ዓመቱ የሚካሄደው ይህ ውድድር በኮቪድ ምክንያት ወደ 2022 ሲገፋ፣ ኮሪያዊው ዩንቻን ሊም በ18 ዓመቱ አሸነፈ፤ በውድድሩ ታሪክ እንደሱ ልጅ የሆነ አሸናፊ የለም። በከተማዋ ባስ አዳራሽ ለፍጻሜው ከመረጣቸው ሥራዎች አንዱ ክላይበርንም ሞስኮ ላይ የተጫወተው የራክማኒኖፍ ሦስተኛ ኮንቸርቶ ነበር። በ2025 ደግሞ ድሉ የሆንግ ኮንጉ አሪስቶ ሻም ሆነ።

የፒያኖ ምስጢር መዶሻው ነው። ከፒያኖ በፊት የነበረው ሀርፕሲኮርድ ክሩን እየሳበና እየለቀቀ ስለሚያሰማ፣ ጣት ቢበረታም ቢላላም ድምፁ ብዙም አይለወጥም። በ1700 አካባቢ ፍሎረንስ ውስጥ ባርቶሎሜዎ ክሪስቶፎሪ ይህን ለወጠው። ቁልፉ ሲጫን መዶሻው ይወነጨፋል፤ ክሩን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው ከቁልፉ ይላቀቅና መትቶ ወዲያው ይመለሳል። እዚያው ቢቀር ድምፁን ያፍነው ነበር። ስለዚህ ፒያኒስቱ በዋናነት የሚቆጣጠረው የመዶሻውን ፍጥነት ነው፤ ለስላሳውም ነጎድጓዱም ከዚያ ይመጣል። ጣት ሲነሳ ሱፍ የለበሰች እንጨት ክሩ ላይ አርፋ ጸጥ ታሰኘዋለች፤ የቀኙ ፔዳል ሲረገጥ ግን ሁሉም ክሮች ነፃ ይሆናሉ።

88ቱ ቁልፎች ከ200 በላይ ክሮችን ይመታሉ። የክሮቹ ጠቅላላ ውጥረት ወደ 20 ቶን ስለሚጠጋ፣ በእንጨት ብቻ መሸከም አይቻልም፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የብረት ማቀፊያ የመጣው ለዚህ ነው። ድምፁን የሚያጎላው ሰፊ ጣውላ ግን እንጨት እንደሆነ ቀርቷል። እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ቅኝቱም አብሮ ይዛባል።

ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ በተርታ የነካ ሐበሻ ይደነግጥ ይሆናል፤ አምስቱ ትዝታ ሜጀርን ይሰጣሉ። አንቺሆዬ የሚባለው ቅኝት ግን እንዲህ በቀላሉ አይገኝም። መሰንቆ በሁለት ቁልፎች መካከል ባለው ክፍተት ውስጥ እንደ ልቡ ይንሸራተታል፣ ፒያኖ ደግሞ ያንን ክፍተት አያውቀውም።

ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ (1923–2023) ለዚህ የራሳቸውን መላ አበጁ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ቫዮሊን የተማሩት እማሆይ፣ ዋናውን ኖታ በጎረቤቶቹ ፈጣን ጌጦች እየከበቡ ጆሮ መንሸራተት እንዲሰማው ያደርጉ ነበር። ቡልጋሪያ የተማረው ፒያኒስት ግርማ ይፍራሸዋ ደግሞ የአገሩን ዜማ ለኮንሰርት መድረክ ጽፎታል።

በሠርግና በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት ግን አሸናፊው ኪቦርድ ነው። ርካሽ ነው፣ በመኪና ይጫናል፣ አንድ ሰው ከነከበሮው ባንድ ይሆንበታል። አንዳንዱማ እያንዳንዱን ኖታ ለየብቻ ከፍና ዝቅ አድርጎ መቃኘት ስለሚያስችል፣ ትልቁ ፒያኖ የሚዘለውን ድምፅ ያገኘዋል።