9600 ነጥብ ሲባል ምን ማለት ነው?

መሐንዲስ መሆኔን የሚያውቁ ወዳጆቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ አንድ ነገር አለ። «የቤተሰብ ፎቶ ጥርት አድርጎ የሚያትመው የትኛው ፕሪንተር ነው?» ይሉኛል። ጥያቄው ተራ አይደለም። ለብዙዎቻችን ከወላጅ የቀረችልን አንዲት ጉርድ ፎቶ ናት፤ እርሷው ጎልታ በሐዘን ቤት ጠረጴዛ ላይ ትቆማለች። ብዥ ስትል ታሳዝናለች።

ገዢ መጀመሪያ የሚያየው ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። ኤፕሰን በብዙ ሞዴሎቹ ላይ 5760 በ1440፣ ካነን ደግሞ በአንዳንዶቹ ላይ 9600 በ2400 ብሎ ጽፏል፤ በአንድ ኢንች ውስጥ የሚያርፈው የቀለም ነጥብ ማለት ነው። ታዲያ ካነን በለጠ? እስቲ እናስላው። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነው። ለ9600 ብናካፍለው ከነጥብ እስከ ነጥብ ያለው ርቀት 0.0026 ሚሊሜትር ይሆናል። የነዚሁ ፕሪንተሮች ትንሿ ጠብታ ግን 1 ፒኮሊትር ናት፤ ወረቀት ሳትነካ እንኳ ስፋቷ 0.012 ሚሊሜትር ገደማ፣ ማለትም የርቀቱን አምስት እጥፍ ያህል ነው። ወረቀት ላይ ስታርፍ ደግሞ ትሰፋለች። ስለዚህ 9600ው ነጥብ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባል እንጂ ለየብቻ አይታይም። ቁጥሩ የሚጠቅመው ጥቂት ቀለሞችን አቀላቅሎ ለስላሳ የቀለም ሽግግር ለማውጣት ነው።

ዓይናችንም ወሰን አለው። ጤናማ ዓይን በ30 ሴንቲሜትር ርቀት ለይቶ የሚያየው በኢንች 300 ያህል ፒክስል ነው። ጥርት የሚጠፋው ብዙ ጊዜ ከፕሪንተሩ በፊት፣ ስካነሩ ላይ ነው። ስፋቷ 3 ሴንቲሜትር የሆነች ጉርድ ፎቶ በ300 ስካን ተደርጋ ወደ 20 ሴንቲሜትር ብትሰፋ በኢንች 45 ፒክስል ብቻ ይደርሳታል። በ1200 ብትነሣ ግን 180 ይሆናል። ፎቶዋ ራሷ የያዘችው ዝርዝር ውሱን ቢሆንም፣ ያላት ሁሉ እንዲወጣ ዕድል ታገኛለች።

ሁለት ፕሪንተር ማወዳደር ከፈለጋችሁ አንድ ፋይል በአንድ ዓይነት ፎቶ ወረቀት ላይ፣ በከፍተኛው የኅትመት ደረጃ አውጡ። በተራ ወረቀት አትፈትኑ፤ ቀለሙ በቃጫው እየተሳበ ይደበዝዛል። በፎቶው ጥግ ላይ መጠኑ 4 እና 6 የሆነ የአማርኛ ጽሑፍ ጨምሩበት። «ሉ» እና «ሊ» የሚለዩት በትንሽ ጭረት ስለሆነ ፊደላችን ጥሩ ፈታኝ ነው። ቀጥ ያለ ቀጭን መስመርም አስምሩ። ድርብ ሆኖ ከወጣ፣ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ቀለም የሚረጨው የፕሪንተሩ ራስ አልተስተካከለም ማለት ነው፤ ከፕሪንተሩ ጋር በሚመጣው ፕሮግራም ይስተካከላል። ከዚያ መጀመሪያ በ30 ሴንቲሜትር ርቀት፣ ቀጥሎ በአጉሊ መነጽር እዩት። በመነጽር ብቻ የሚታይ ልዩነት ገንዘብ አያስወጣም።

ስለዚህ አዲስ ፕሪንተር ከመግዛታችሁ በፊት ያቺን ፎቶ እንደገና ስካን አድርጉ። ዋናዋ በየዓመቱ እየደበዘዘች ትሄዳለች፤ ፕሪንተር ደግሞ ያልተሰጠውን አያትምም።