ተፈናቃይ ሸማኔ ምን ይዞ ይወጣል?

ሸማኔ ሲሰደድ ጉድጓዱን ይዞ አይሄድም። በጨፋ ሮቢትና በከሚሴ ዙሪያ፣ በተለይ ሽመና ከእርሻና ከንግድ ጋር መተዳደሪያቸው በሆነው በአርጎባዎች ዘንድ፣ ባህላዊው የሽመና መሣሪያ ከመሬቱ ጋር የተያያዘ ነው። ሸማኔው እግሩን ጉድጓድ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን እየረገጠ መወርወሪያውን ከወዲህ ወዲያ ይልካል። ድሩ ከተወጠረ በኋላ ተነሥ ማለት ሥራውን ጣል ማለት ነው። እንዝርትና ባዘቶ ግን ዘንቢል ውስጥ ይገባሉ። ስለዚህ የተፈናቃዮችን የእጅ ሥራ ለመደገፍ የሚነሣ ባለሙያ ከጥለቱ ውበት በፊት ሰውየው ምን ይዞ እንደወጣ ይጠይቃል።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ ካገኙት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2011 በደቡብ ቴል አቪቭ የተመሠረተው ኩቺናቴ የተባለው የስደተኛ ሴቶች ኅብረት ነው። መሥራቾቹ ኤርትራዊቷ መነኩሴ አዜዜት ሀብተዝጊ ኪዳነ እና የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ዲዲ ማይሚን ካን ናቸው። አብዛኞቹ አባላት ኤርትራውያን ሲሆኑ ከሱዳንና ከኢትዮጵያ የመጡም አሉ፤ በሲና በረሃ በሰው አዘዋዋሪዎች እጅ የተሠቃዩም ብዙ ናቸው። ሥራቸው ኪሮሽ ነው። አንዲት መርፌና ክር ይበቃሉ። ሕፃን የያዘች እናት ቤቷ ሆና ትሠራዋለች፤ ብታቋርጠው አይበላሽም፣ ተሳስታ ብትተረትረውም ክሩ አይባክንም። ከእጃቸው የሚወጣው ቅርጫት አገር ቤት ከስንደዶና ከአክርማ የሚሰፋውን ሙዳይ ያስታውሳል። ክፍያውም ለሠሩት ሥራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1975 ላኦስ በኮሚኒስቶች እጅ ስትወድቅ ወደ ታይላንድ የሸሹት ህሞንግ የተባሉት የአገሪቱ ብሔረሰብ አባላት ደግሞ በባን ቪናይ መጠለያ ሌላ መንገድ ያዙ። ልብሳቸውን በመስመርና በጥምዝ ቅርጽ ያስጌጡ የነበሩ ሴቶች ወታደር፣ አውሮፕላን፣ የሜኮንግን ወንዝ የሚሻገር ቤተሰብ መጥለፍ ጀመሩ። ጨርቁ ለውጭ አገር ገዢ ተሸጠ። “ለቱሪስት የተሠራ ነው” የሚል ተቺ አይጠፋም። ይሁን እንጂ የስደቱን መንገድ የጠለፈው ያው መንገዱን የሄደው ሰው ነው።

በእኛም አገር በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1110 ለስደተኞች የመሥራት መብት ሰጥቷል። በአማራ ክልል፣ ዳባት አጠገብ ባለው የአለምዋጭ መጠለያ ኤርትራውያን ይኖራሉ። በ2013 ዓ.ም. በአጣዬና በአካባቢው በተነሣው ግጭት ደግሞ ብዙ ሺህ ሰው ከቤቱ ወጥቷል። እነዚህኞቹ በሕግ ስደተኛ አይባሉም፤ መሣሪያውን ጥሎ ለወጣ ባለሙያ ግን ልዩነቱ እምብዛም ነው።

በየቦታው የተለመደው ድጋፍ የስፌት መኪና ማደል፣ የጥቂት ቀን ሥልጠና መስጠት፣ ፎቶ ተነሥቶ መሄድ ነው። ዕድሜውን ሲሸምን የኖረን ሰው ስፌት ከሀ ሁ ማስጀመር ግን ሙያውን ማባከን ነው። ጉድጓድ የማይፈልግ፣ በእንጨት ቋሚ ላይ የሚሠራ የእጅ ሽመና መሣሪያ አለ፤ ተፈታትቶም ይጫናል። ለፈታይዋ ደግሞ ጥጥና ፈትሏን የሚረከብ ሰው ይበቃታል። የየአካባቢው አስተዳደርም ሆነ የረድኤት ድርጅቶች ተፈናቃይ ሲመዘግቡ ከቤተሰቡ ብዛት ጎን “ሙያህ ምንድን ነው?”፣ “ሙያሽስ?” የሚል አንድ መስመር ይጨምሩ።